የቀትሩ ፉጨት

ምስጋናው ሆዴ፣ ካለህበት ይድረስህ።

አፈር ከለበስክ ሦስተኛው ጥቅምት ገባ። እኔና ልጃችን ሰላም እዚሁ ላሊበላ ደህና ነን። አንተ ግን አርፈህ እንደሆነ እንጃ፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው።

አንተ በሄድክ ሰሞን ንቦችህም ጥለውን ሄዱ። ሚሊኒየሙ ነው ተብሎ ችግኝ ሲታደል ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍ ተሻማ። እኔ ግን፣ ባሕር ዛፍ ከሥሩ አበባ አያስጠጋም እያልክ ስታማው ትዝ አለኝና ሰንሰልና ግራዋ ቆርጬ አጥራችንን ተከልኩ፤ ከሥሩ ጦስኝ አስጠጋሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ለዝንብ ትደግሻለሽ ብላ ስቃብኝ ነበር። ኋላ እሷም ተከለች፣ ሠፈሩም ተከተለ። ዘንድሮ መንደሩ አበባ በአበባ ሆነ፣ ንቦቹም መጡ።

ግን ሆዴ፣ ፉጨቱም መጣ።

ቀትር ላይ፣ ሰው ቤቱ ሲከተት፣ ከአጥሩ ውስጥ ይፏጫል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ረጅሙ መጨረሻው ላይ ይሾልካል። የንብ መንጋ ስትጠራ ቆሎ በሰበረው ጥርስህ ሽንቁር ነፋሱ ሲያመልጥህ ስንቴ ስቄብሃለሁ! አሁን አያስቀኝም። ሲፏጭ ንቡ ሁሉ አበባው ላይ እንዳለ ጸጥ ይላል።

እትዬ ጥሩዬ የቀትር ጋኔን ነው፣ አጥሩን ቁረጪው ብላ ጠበል ረጨችበት። መቁረጡን ለምኜ አስተውኳት። ያንተ ፉጨት መሆኑን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

በቀደም መንጋው ሰንሰሉ ላይ ተንጠለጠለ። ቀፎህን በጦስኝ አሽቼ ወጣሁ። ፉጨቱ ከጎኔ ተሰማ፤ መንጋው አውራውን ተከትሎ እንዳለ ቀፎው ውስጥ ገባ። ዞር ስል ማንም የለም። ነፋስ ሳይኖር ጦስኙ ብቻ ይወዛወዛል።

ዛሬ ደግሞ ከፉጨቱ ቀጥሎ ስሜ ተጠራ። ወርቅዬ አለኝ፤ እንዲያ የምትጠራኝ አንተ ብቻ ነበርክ። ያላዩት ሲጠራ አቤት ያለ አብሮ ይሄዳልና፣ አቤት እንደማይባል አውቃለሁ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆምኩ። ናፍቀኸኛልና አቤት ማለቱን እንዴት እንደተመኘሁት አልነግርህም።

አጥሩን አልቆርጠውም። አበባው በፈነዳ ቁጥር አስብሃለሁ፣ ማሩንም በስምህ ለቤተ ክርስቲያን አገባለሁ። እኔንም ከፈለግህ ጥራኝ፤ ዝም ማለቱን እችልበታለሁ።

ሰላምን ግን አደራህን አትጥራት። ስሟ ሲጠራ ቶሎ አቤት ማለትን ያስተማርካት አንተው ነህ።

ወርቅዬህ