ነጥቶ የጠራው የኖራ ውሃ

ይድረስ ለልጄ ለደስታው ቸኮለ፤ አሶሳ።

ልጄ ደስታው፣ እንደምን ከርመሃል? ምራቴ ሲሳይነሽስ እንዴት ናት? ትንሹን ይሄይስን ወባው ለቀቀው ወይስ አሁንም እናንተን ማስጨነቁ ተመችቶታል? ያንተን ጤና እንኳ አልጠይቅም፤ የላክኸውን ደብዳቤ አንብቤ ተረድቼዋለሁ፤ የታመመ ሰው እንዲያ አድርጎ አይቆጣም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ዳገት ላይ ይሟገተኛል እንጂ አፌ ምንም አልሆነ፤ ይህን እናትህ ንግሥቴም ትመሰክራለች። ጤፉም ዳጉሳውም ተወቅቶ ገብቷል። ቀይዋ ላም ወይፈን ወልዳለች።

አሁን ወደ ቁጣህ ልምጣ። ልጅህ ሠርክአዲስ በኬሚስትሪ ስልሳ ካላመጣች ትምህርቱን ትታ ወደ እኔ ትምጣ፣ ሱቅ ትጠብቅልኝ ብለህ ጽፈህ ነበር። የመንፈቁ ውጤት ወጥቷል። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የወሬን መጨረሻ አስቀድመህ መስማት ትወዳለህ፤ ዛሬ ግን ትንሽ ትታገሠኛለህ።

ነገሩ የጀመረው በታኅሣሥ ነው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ፊቷን አጥቁራ ገባች። አሁን ትምህርቱ የሚሰጠው ፕላዝማ በሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን ነው፤ አንድ ሰውዬ በውስጡ ሆኖ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ሙከራም እየሠራ ያሳያል። ልጆቹ ደግሞ ሙከራው ለምን እንደተሠራ፣ በምን ዕቃ እንደተሠራና ምን እንደታየ ጽፈው ለመምህራቸው ይሰጣሉ። ያን ቀን ሰውዬው የኖራ ውሃ በብርጭቆ አድርጎ፣ ቀጭን ቱቦ አፉ ውስጥ ከትቶ ጉንጩን ሲነፋ መብራት ጠፋ። የክፍሉ ልጆች ሁሉ መጨረሻውን ከመጽሐፍ ገልብጠው «ውሃው ነጣ» ብለው ጻፉ። ያንተ ልጅ «ሰውዬው ጉንጩን ነፋ፤ መብራት ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም» ብላ ሰጠች።

መምህሯ ወንዳወቅ ይባላል፤ ገና ጢሙ ያልጠና ደግ ልጅ ነው። እስከ ሰኞ ጨርሰሽ ካላመጣሽ ዜሮ ነው አላት። እኔም እንደ ሽምግልናዬ መከርኳት፤ መጽሐፉ ነጣ ካለ ነጥቷል፣ ገልብጪና እራትሽን ብዪ አልኳት። አላየሁትም አባባ አለችኝ። ደብረ ማርቆስንም አላየሽም፣ መኖሩን ግን ታምኛለሽ ብላት፣ ደብረ ማርቆስን አየሁ ብዬ መቼ ጻፍኩ አለችኝ። ይህ ግትርነት ከማን እንደመጣ አንተው ታውቃለህ፤ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ።

ቅዳሜ ከገበያ፣ ቤት የሚቀባበትን ኖራ በላስቲክ ቋጥራ መጣች። በውሃ በጥብጣ አሳደረችው፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከላይ የጠራውን በነጠላ ጫፍ አጥልላ በእናትህ ብርሌ ሞላችው። ንግሥቴ ጠጅ የለመደ ብርሌ ኖራ አይጠጣም ብላ ተቆጥታ ወደ ጎረቤት ሄደች። ልጅቷ መቃ ቆርጣ አፌ ላይ ሰካችልኝ። ለምን ራስሽ አትነፊም ብላት፣ እኔ ማየት አለብኝ፣ እርስዎ ደግሞ ወሬ ሲያወሩ ትንፋሽ አያጥርዎትም አለችኝ።

ነፋሁ። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ መጀመሪያ እንደ አጓት ደፈረሰ፣ ቀጥሎ እንደ ወተት ነጣ። በዚህ ዕድሜዬ ከአፌ እንዲህ ያለ ነጭ ነገር ይወጣል ብዬ አልጠረጠርኩም። ልጅቷ እንዳይነኩት ብላኝ ንግሥቴን ልትጠራ ሮጠች። አልነካሁትም፤ መንፋት ግን አልከለከለችኝምና ቀጠልኩ። እነሱ ጎረቤት ቤት ወሬ ይዘው ቆዩ። ራሴ ሊዞር ሲል ቀና ብዬ ባይ ውሃው መልሶ ኩልል ብሏል።

መጥታ ስታይ ነጩስ አለችኝ። ጠጣሁት አልኳት። እንባዋ ቀረረ፤ ለካ ብርሌውን ይዛ ለመምህሯ ልታሳይ አስባ ኖሯል። ያን ጊዜ ቀልዴን ዋጥኩና በጊዮርጊስ ምዬ የሆነውን ነገርኳት። አላመነችኝም። ያልነካነውን ውሃ አዲስ ሞልታ፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ እንደገና አስነፋችኝ። ነጣ። ይቀጥሉ አለች፤ ጠራ። ዓይኗን ከብርሌው ሳትነቅል ቆይታ ብድግ አለችና ሁለቱንም ጻፈች፤ መንጣቱንም መጥራቱንም።

ጽሑፉን እንደሰጠች ወላጅ አምጪ ተባለች። ጋቢዬን አጣፍቼ ሄድኩ። መምህር ወንዳወቅ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝና፣ አባቴ፣ ያየችው እውነት ነው፣ ብዙ ሲነፋ ይጠራል፣ እኔም ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፤ በዚህ ክፍል የሚጠየቀው ግን መንጣቱ ብቻ ነው አለኝ። ሙሉ ነጥብ አልሰጣትም። አንደኛ ከጓደኞቿ ዘግይታ ሰጥታለች። ሁለተኛ ከዕቃዎቹ ተራ ኖራ፣ ብርሌ፣ መቃ፣ አያቴ ብላ ጽፋለች። ሰው ከብርሌ ጋር አይቆጠርም ቢለኝ፣ ያለ እኔ ማን ሊነፋልሽ ነበር በላት አልኩት። ሳቀ፤ ነጥቡን ግን አልጨመረም። እሷ ቅር አላላትም፤ ቅር ያለው እኔን ነው።

እንግዲህ መጨረሻውን ስማ። ሃምሳ ስምንት አመጣች። እንደ ጓደኞቿ ገልብጣ ቢሆን ኖሮ ስልሳው ያለ ጭቅጭቅ ይሞላ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ ስልሳ ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ አሶሳ ሩቅ ነው፣ ካርዱንም አታየው። ብዕሬን አንሥቼ ልጅቷ ማዶ ተቀምጣ ስታጠና ባያት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሃምሳ ስምንት ነው ልጄ፤ ያልከው አልሞላም። እኔ ግን አልልካትም። የምትቆጣ ከሆነ በእኔ ተቆጣ፤ ቁጣህን ለምጄዋለሁ። ለሱቁ የሰፈር ልጅ ቅጠርና ይህቺን ትምህርቷን እስክትጨርስ ለሁለት ዓመት ተዋት።

ሲሳይነሽን በጣም አድርገህ ሳምልኝ። ይሄይስን በሁለቱም ጉንጩ ሳምና አያትህ ገና አልሞተም በለው። ሱቅህን የሚያዘወትሩትን የአገራችንን ሰዎች ሁሉ እንዴት ናችሁ በልልኝ። እናትህ ጾሙ ሲፈታ አንድ ቀን ብቅ ብትል ምን ነበረበት ትልሃለች። ሠርክአዲስ እጅ ትነሣለች፤ ካርዱ የወጣ ዕለት ሂጂ ሳንላት ልብሷን አጣጥፋ በሻንጣ ከትታ አገኘናት። እኔም ልብሱን አውጥቼ ከማገሩ ላይ ሰቀልኩት፤ በሻንጣው ንግሥቴ ዛላ በርበሬ ሞልታበታለች።

አባትህ ቸኮለ
ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 1999 ዓ.ም.