እርፉን የጨበጠው ማን እንደነበረ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.
ከአሸተን ማርያም ግርጌ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ሙሉሃብት አረጋ፣
የቀበሌያችን ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣ ክረምቱን እንዴት ከረሙ? እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ በቅሎዎም ጭምር ደኅና ናችሁ? እኔ ከቀረችኝ ከአንዲት እግሬ ጋር ደኅና ነኝ። መንግሥት የሰጠኝ ሁለተኛዋም ካለመታጠፏ በስተቀር ምንም አልሆነችም።

ይህን ደብዳቤ ለጸሐፊዎ መስጠት ሲገባኝ በአዳራሹ በር ላይ በሚስማር መቸንከሬ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ባለፈው እሁድ የተናገርኩትን ቃል የሰማው ሕዝቡ ሁሉ ስለሆነ፣ ማስተባበያውንም ሕዝቡ ሁሉ ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ቢኖር በመሠረተ ትምህርት ያስተማሯቸው ያነቡለታል፤ ለዚህም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ለማያውቀኝ መንገደኛ ስሜን ልናገር። በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ማኅበራችን ለሚሊሺያ ሰው እንዲያዋጣ በታዘዘ ጊዜ ስሙ ከዝርዝሩ አናት ላይ የሰፈረው ቢሆነኝ ተክለ ሚካኤል እኔ ነኝ። በሰሜን ግንባር ፈንጂ ረግጬ ቀኝ እግሬን ከጉልበት በላይ እዚያው ትቼ ተመለስኩ። በዚያ ዝርዝር የታናሽ ወንድምዎ ስም ሳይገባ የቀረው በጸሐፊው የእጅ ስሕተት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንኳንም ተሳሳተ፣ እንኳንም ወንድምዎ በጤና ኖሩልን። አሁን አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመሬት ሽግሽጉ ጊዜ ከገደሉ አፋፍ ያለውን ማሳ ለእኔ በመደልደልዎ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለውን ተዳፋት አራሽ አግድም ነው የሚያርሰው። እግሬ ስለማይታጠፍ፣ ስሄድ በዳገቱ በኩል ይሆንና ይረዝምብኛል፤ በሬዎቹን አዙሬ ስመለስ ደግሞ በቁልቁለቱ በኩል ይሆንና ያጥርብኛል። በአንድ ማሳ ላይ ረዥምም አጭርም ሰው ሆኜ ያረስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አራሽ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ እኔ ግን ምርኩዜን የምይዝበት ሦስተኛ እጅ አጣሁ። የሰው ሠራሽ እግሬ ማሰሪያ ቢበጠስ የሞፈር ጠፍር ቀጠልኩለት። ጠፍር ደግሞ ሲረጥብ ይላላል፣ ሲደርቅ ይጠብቃል፤ ጠዋት እግሬ ሊወልቅ ይደርሳል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ጉማጁን ይበላዋል። ሰኔ ላይ እግሬ ጭቃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀረና እኔ በፊቴ ተደፋሁ። በሬዎቹ ሞፈሩን እየጎተቱ እስከ ድንበሩ ሄደው፣ ዞረው አዩኝ። ያን ቀን እስከ ቀትር ያወጣሁት ሦስት ትልም ነው፤ ሦስቱም የሰካራም መንገድ ይመስሉ ነበር።

፪ኛ. «የአካል ጉዳተኞች መሬት በወንፈል ይታረስላቸው» ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግዎን አልረሳሁም። ጽሑፉ እጅግ ያምር ነበር። ዳሩ ግን ቃለ ጉባኤ በሬ አይጠምድም። ጎረቤቶቼ ሊያርሱልኝ በተነሡ ቁጥር ወይ ለእርከን ሥራ፣ ወይ ለማኅበሩ የጋራ እርሻ ይጠሯቸዋል፤ የእኔ ተራ እንዳይደርስ ያደረጉት ጥንቃቄ የሚደነቅ ነው። ዝናቡ ሊያልፍብን ሲል ባለቤቴ የሻረግ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሬዎቹን ጠምዳ እርፉን ጨበጠች። ሴት እርፍ ከጨበጠች ሰማይ ይቆጣል በሚባልበት አገር ነው ይህን ያደረገችው። ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ ታርሳለች፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ማሳው ዳር እቆማለሁ። የሰው ድምፅ ከተሰማ እሷ ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች፣ እኔ እያነከስኩ ሄጄ እርፉን እይዛለሁ። መንገደኛው «በርታ!» ብሎኝ ያልፋል፤ እኔም «አሜን፣ እግዜር ይስጥልኝ» እለዋለሁ። እንዲህ ስል የሻረግ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም።

፫ኛ. ሐምሌ ላይ ከአውራጃ የመጡትን እንግዶች ይዘው ማሳዬ ድረስ በመምጣትዎ ክብር ተሰምቶኛል። ትልሙ እንደ ድር ቀጥ ብሎ ነበርና እንግዶቹ ተደነቁ። እርስዎም እግሬን በከዘራዎ ኳ ኳ አድርገው «ይህ የአብዮቱ እግር ነው!» አሉ። መስከረም ሁለት ቀን በአብዮት በዓል የምስጉን አራሽነት ምስክር ወረቀት በሕዝብ ፊት ሰጡኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀብዬ እጅ ነሣሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። የሻረግም ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ እርፍ በላጠው መዳፏ አጨበጨበችልኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ፈንጂውን ስረግጥ እንኳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልተመኘሁም፤ ያን ቀን ግን ተመኝቻለሁ። ሆኖም ወረቀቱን አልመለስኩም። ቤት ወስጄ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ እሷም ጭስ እንዳያጠቁረው ነቅላ ከምድጃው ራቅ አድርጋ ለጠፈችው።

፬ኛ. በመስከረም መጨረሻ የሻረግ ለምስር የተውነውን ማሳ ስታርስ ጉሙ ቀድሞ ተገለጠና እርስዎ በበቅሎ ሲያልፉ አዩዋት። በነሐሴ በረዶ የጎረቤቶቻችንን ገብስ መትቶት ስለነበር ሕዝቡ «ክረምቱንም ያረሰች እሷ ትሆናለች» ብሎ ጥፋተኛዋን ወዲያው አገኘ። እርስዎ በረዶ ከምን እንደሚሠራ በሳይንስ ያስተማሩን፣ «ያለ ሴቶች ተሳትፎ አብዮቱ ግቡን አይመታም» የሚለውን መፈክር በዚሁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያስጻፉ ሰው ነዎትና፣ ይሟገቱላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ባለፈው እሁድ እንደ ልማድዎ በቅዳሴ ሰዓት በጠሩት ስብሰባ ላይ ግን «የሕዝቡን ስሜት ማክበር አለብን» አሉ። ቀጥለውም ሴት እርፍ የጨበጠችበት ቤት አራሽ የለውምና ማሳው አራሽ ላለው ቤት ይሰጥ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ወንድምዎም ሸክሙን ለመቀበል ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። ለዚህ መሥዋዕትነታቸው ምን ቃል አለኝ! ውሳኔው በፊታችን እሁድ ይጸድቃል ተብሏል።

፭ኛ. ይህ አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ የሚሰማልኝ ሌላ ዳኛ ስለሌለ ግን ለእርስዎው አቀርባለሁ። በዚያው ስብሰባ ላይ ዞር ብለው «ቢሆነኝ፣ ይህን ታውቅ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መሬቴ እንዳይወሰድብኝ ፈርቼ፣ ከመሬቱም ይልቅ የወንዶቹን ሣቅ ፈርቼ፣ «አላውቅም፤ ሕመም ይዞኝ በተኛሁበት አንድ ጧት ያደረገችው ነው፤ እቀጣታለሁ» አልኩ። እቀጣታለሁ አልኩ፣ ጓድ ሊቀመንበር! የሻረግ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማ ነበር፤ አንድ ቃል ተናግራ ልታሳጣኝ ስትችል ዝም አለች። ወደ ቤት ስንመለስም በዳገቱ ላይ ክንዴን እንደ ወትሮው ደገፈችኝ። እግር ማጣት ያሳፍራል ብለው የሚያዝኑልኝ ሰዎች አሉ፤ እግሬን ለማጣቴ እኔ ጥፋት የለብኝም። የማፍረው በምላሴ ነው።

ስለዚህ እውነቱ ይኸውና። የገብሱን ማሳ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ያረሰች፣ ዘሩንም ያለበሰች፣ የምስሩንም ማሳ ያረሰች የሻረግ ወልደ ሰንበት ናት። እኔ ሁሉንም አውቅ ነበር፤ ቆሜም አይ ነበር። ቤታችን አራሽ አለው። መሬት ለአራሹ ተብሎ ከታወጀ እነሆ ስምንተኛ ዓመቱ ነው፤ አዋጁ አራሹ ቀሚስ እንዳይለብስ መከልከሉን ያነበበ ካለ ቢያሳየኝ እማራለሁ። የምስክር ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አብሬ ቸንክሬዋለሁ። ስሙን ፍቀው በትክክለኛዋ ባለቤት ስም እንዲያስጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የሻረግ ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ መንገዱ ዳር፣ ሰው ሁሉ እያያት ታርሳለች፤ እኔም ተቀምጬ ጓል እከሰክሳለሁ።

ይህን ረዥም ደብዳቤ ቆመው ስላነበቡልኝ፣ ለድካምዎም ሆነ ወደፊት ስለ እኔ ለሚያስቡልኝ ነገር ሁሉ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ከአክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የአራሿ የየሻረግ ወልደ ሰንበት ባል፣
ቢሆነኝ ተክለ ሚካኤል

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከመቸንከሬ በፊት ለየሻረግ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ በወረቀት ከምትለፋ እዚያው ሰው ፊት ‹እሷ ናት› ብትል ምን ነበረበት?» ብላኝ ወደ በሬዎቹ ሄደች። እውነቷን ነው፤ ስለዚህ እሁድ በሕዝብ ፊት ቆሜ በአፌ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን ቢቀድዱትም ቢያቃጥሉትም ቅር አይለኝም። እስከ እሁድ ድረስ ግን እባክዎ ከበሩ ላይ አይንቀሉት፤ እርስዎን ፈርቼ አይደለም፣ ሰው ካላነበበው እንደገና ዝም እንደምል ስለማውቅ ነው።