እናቴን በትረካ ስላስተኛችሁልኝ

ለክቡር ሚስተር ራልፍ ታንክረድ
የስኬልዊክ ከተማ ፖሊስ ዋና አዛዥ

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፍዎን ሳይ የከሱ ስለመሰለኝ ነው መጠየቄ። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ከጎንዎ የቆመው ያ ትልቅ ውሻም ሳይቀር በደህና እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ኖርማ ብሌንኪን እባላለሁ፤ ከዓሣ ወደቡ ጀርባ ባለው ሰፈር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ ሴት ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ እኔን ባያስታውሰኝ አይፈረድበትም፤ የወንድሜን የኬነዝን ስም ግን አሁን አገር ሁሉ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እየሰማው ነው።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። መሥሪያ ቤትዎ የምሥረታ በዓሉን ምክንያት አድርጎ የድሮ መዝገቦቹን ለአንድ የፖድካስት አዘጋጅ በመስጠት፣ ወንጀሎቻችንን የመኝታ ሰዓት ትረካ አድርጎልናል። ተራኪው ሲያባብል ለጉድ ነው! ከበስተጀርባው ዝናብ ይዘንባል፤ ግድያው ላይ ሲደርስ ዝናቡ ትንሽ ጠንከር ይላል። እኛ ቤተሰቦቹ እነዚያኑ መዝገቦች አሳዩን ብለን በመጣን ቁጥር «ምስጢር ነው» ተብለን ተመልሰናል። ለካ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ትራስ ይዘን አልመጣንም።

ቅሬታ አለኝ ብዬ አልዳፈርም። እንዲያው ክቡርነትዎ ቁጥር የተሰጠው ነገር ይወዳሉ ብዬ፣ ሐሳቤን በቁጥር ላስቀምጠው።

አንደኛ፤ በትረካው ስምንተኛ ክፍል የኢንስፔክተር ኮልተንን ታሪክ ሰማን። ከቁማር ቤቶች ጉቦ ሲቀበል፣ ሰው ያልተናገረውን የእምነት ቃል ራሱ እየጻፈ ሲያስፈርም እንደኖረ ተራኪው እየሳቀ ነገረን፤ «ተንኮለኛው አጎታችን» ነው የሚለው። መልካም። በዘጠነኛው ክፍል ደግሞ ወንድሜ ኬነዝ የመርከብ ዕቃ ነጋዴውን ሚስተር ኢስክሪትን ገደለ ተባለ። ማስረጃው የእምነት ቃሉ ነው፤ ቃሉን የተቀበለው ኢንስፔክተር ኮልተን ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል የፍራሽ ማስታወቂያ አለ። ሰውዬው በማስታወቂያው ጊዜ ንስሐ ገብቶ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፤ የእምነት ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «ደም የነካውን ሸሚዜን ለእናቴ ሰጠኋት፤ እሷም በማግስቱ ማለዳ አጠበችልኝና በዚያው ቀን በመርከብ ወደ ባሕር ወጣሁ።» ክቡርነትዎ ለሰፈራችን እንግዳ ስለሆኑ አይፈረድብዎትም እንጂ፣ የእኛ ሰፈር ሴት ባሏ ወይም ልጇ ወደ ባሕር በሚወጣበት ቀን ልብስ አታጥብም። መሐረብ እንኳ አትነክርም። ልብስ የታጠበለት ሰው ወደ ቤቱ አይመለስማ! ይህን የማያውቅ በሰፈራችን አልነበረም። ኮልተን ግን ከበግ አርቢዎቹ አገር የመጣ ሰው ነው፤ የሸሚዙን ነገር ሲፈጥረው ለቤተሰብ የሚስማማ ደግ ነገር የጻፈ መስሎታል።

ኬነዝ የተሳፈረባት የዓሣ መርከብ ስትመለስ ቤቱ ሳይደርስ ከወደቡ ላይ ያዙት። ችሎቱ የተሰየመው ከባሕር በራቀ ከተማ ነበር። እናቴ ምስክር ሆና ቆመችና «ልጄ በሚሳፈርበት ቀን ሸሚዝ ላጥብ? አብጃለሁ እንዴ? ልገድለው?» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ ዳኛውም ፈገግ አሉ። ኬነዝ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ «እማ፣ ተያቸው፤ እነዚህ ዓሣ የሚያውቁት ሳህን ላይ ነው» ብሎ ጮኸ። ገና ልጅ እግር ነበር። ዕድሜ ልክ ተፈረደበትና ጥቂት ክረምት ቆይቶ እስር ቤት ውስጥ በሳንባ ምች ሞተ። እናቴ ከዚያ ወዲህ ለወተት አመላላሹም፣ ለቄሱም፣ አውቶቡስ ላይ ላገኘችው ሰውም «እኔ አላጠብኩም» እያለች ኖረች። ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም።

ሦስተኛ፤ እናቴ ዊኒ አሁን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናት። ዘጠና አልፏታል፤ ጠዋት የበላችውን ማታ አታስታውስም። እንቅልፍ እንቢ ሲላት ብራይዲ የምትባል ደግ ተንከባካቢ የእናንተን ትረካ ከፈተችላት። «ደስ ይበልሽ ኖርማ፣ እማማ ለጥ ብለው ነው ያደሩት» አለችኝ። የትኛውን ክፍል እንደከፈተችላት ስጠይቃት ዘጠነኛውን ነው፤ ሲያስተኛት ጊዜ ደጋግማ ከፍታላታለች። ተራኪው የእምነት ቃሉን ሲያነብ፣ ሸሚዝ ውኃ ውስጥ ሲታሽ የሚያሰማውን ድምፅ ጨምራችሁበታል። ሥራችሁን በጥንቃቄ ነው የሠራችሁት፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ባለፈው እሑድ እናቴ እጆቿን እያየች «ኖርማ፣ አጠብኩት እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

«የኬኒን ሸሚዝ ነዋ። በሚሄድበት ቀን አጠብኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እማ፣ አላጠብሽም! ስትምይ ነው የኖርሽው!»

አዘነችልኝ። «ልታጽናኚኝ ብለሽ አትዋሺ፣ ልጄ። ፖሊስ ነው እኮ ያለው» አለችኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ መሰለኝ። አልመጣልኝም። ሻይዋን አቀዝቅዤ አጠጣኋት፣ ካልሲዋን አስተካከልኩላትና በአውቶቡስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እስካሁንም ምንም አይሰማኝም፤ ንዴቱም የት እንደገባ አላውቅም። ብራይዲ ነገሩን ስነግራት እያለቀሰች ትረካውን አጠፋችው፤ ከእናቴ ጭንቅላት ግን አልጠፋም። ኮልተን አስፈራርቶ፣ ዳኛው ፈገግ ብለው ያላስጣሏትን «አላጠብኩም» የሚል ቃሏን እናንተ በለሰለሰ ድምፅ አስጣላችኋት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት።

ካሳ አልጠይቅም። የበዓላችሁንም ኬክ አላበላሽም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ይላኩልኝ። ከአልጋዋ አጠገብ ይቀመጥና «ወይዘሮ ብሌንኪን፣ እርስዎ በዚያ ቀን አላጠቡም፤ ሸሚዙን የፈጠርነው እኛ ነን» ይበላት። እኔን አታምነኝም፤ እናንተን ታምናለች። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የላትም ስላለኝ፣ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ባይመራ ደስ ይለኛል።

የከተማችንን ሰላም በትጋት ለሚጠብቁት፣ የሞቱትን በዝናብ ድምፅ ለሚያጅቡት፣ ያላለቀሰን ሰው እንኳ አባብለው ለሚያስተኙት ለክቡርነትዎ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የእናቷ ልጅ፣ የኬነዝ እህት
ኖርማ ብሌንኪን

ማሳሰቢያ፦ ምናልባት መሥሪያ ቤትዎ ያንን ዓረፍተ ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገር ፖሊስ ቢያጣ፣ ተራኪውን ይላኩልኝ፤ የእሱንም ድምፅ ታምነዋለች። ብቻ አደራ፣ «አላጠቡም» የምትለዋ ላይ ሳይደርስ እንዳያስተኛት። አሁን እንቅልፍ ከወሰዳት መንቃቷን እንጃ።