ቃሬዛ ተሸካሚዎቹን ላሰሩልን ጓድ

ጥር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዓለምብርሃን፣ የአውራጃችን የጸጥታ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የጎንዎ ቁስል ደርቆ፣ እንቅልፍዎ ተመልሶ፣ ድምፅዎም እንደ ቀድሞው ከፍኖተ ሰላም ገበያ እስከ ቡሬ መገንጠያ የሚያስበረግግ ሆኖ ይቆየን። እኔ የድንገተኛ ክፍሉ ከፍተኛ ሐኪም፣ ለሥራዬ የዋሉልኝን ውለታ በጓዳ ማመስገን ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ ይህን ደብዳቤ ዘበኞችዎ በሚቆሙበት በሆስፒታሉ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ገደፋው አመሰግናለሁ። ገደፋው ከቡሬ ወዲያ የሚኖር ገበሬ ነበር። መንደር ምሥረታ ተብሎ የገዛ ቤቱን ጣሪያ እንዲያፈርስ ሲታዘዝ፣ እህሌ እስኪገባ ታገሱኝ ብሎ በመለመኑ፣ ሰዎችዎ ጭኑን በጥይት በጥሰው አስተማሩት። የአገሩ ሰዎች በሚስቱ በታንጉት መቀነት ጭኑን ጠፍረው፣ እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመው፣ ነፍሱ ሳትወጣ አደረሱልኝ።

ሁለተኛ፤ እኛ ዘንድ ደም የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ እንደሌለ፣ ቁስለኛ ደም የሚያገኘው ከተሸከሙት ሰዎች ክንድ እንደሆነ አገር ያውቃል። ቃሬዛ ሲነሳ ጎረምሳ ጎረምሳው የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። እርስዎ ግን ስድስቱንም ተሸካሚዎች፣ ሽፍታ ተሸክማችኋል ብለው ከበሩ ላይ አሳፈሷቸው። መርፌዬን እንደያዝሁ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሮጬ፣ አንድ ሰው ብቻ ይስጡኝ ብዬ ከነሽበቴ እግርዎ ላይ ወደቅሁ። ምርመራው አላለቀም አሉኝ።

ሦስተኛ፤ ደም ነፈጉኝ ብዬ ግን አላማዎትም፤ ኧረ ምን በወጣዎት! ከተሸካሚዎቹ አፍና ከተተለተለ ውስጥ እግራቸው የወጣው ደም ሲሚንቶዎ ላይ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ረግጬውም በጫማዬ ይዤው ተመልሻለሁ። በጫማ የመጣ ደም አይሠራምና ገደፋው እጄ ላይ ሞተ።

አራተኛ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከገጠር ቃሬዛ አይመጣም። ሰው ቁስለኛውን እቤቱ አስተኝቶ እዚያው ይቀብራል። እርስዎም በሽተኛ ቀንሷል ብለው ለበላይ አካል ሪፖርት አድርገዋል አሉ። እንኳን ደስ አለዎት! ያስተኛሁትን አድን የነበርሁት ሰውዬ አሁን ባዶ አልጋ እጠብቃለሁ፤ በንዴት ግን አልጋውን ለመስበር የሚቀረኝ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ስድስቱ ሰዎች አሁንም እርስዎ ዘንድ ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ የገደፋው ታናሽ ወንድም ይርሳው፣ እግሩ እንደ ሸተተ ዘበኞችዎ ራሳቸው አፍንጫቸውን ይዘው ነግረውኛል። ዛሬ ቢሰጡኝ እግሩን ቆርጬ ነፍሱን አተርፋለሁ፤ ካዘገዩት ግን የምቆርጠው ነገር አይኖርም። ይፍቷቸው።

እናት ሀገር ወይም ሞት ከሚለው መፈክር ሁለተኛውን፣ ወደ እኔ በላኳቸው ሁሉ ላይ አንዳች ሳያጓድሉ ስላስፈጸሙ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎት፤

ዶክተር ገብረሰንበት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ቡሬ መንገድ ላይ የደፈጣ ጥይት መትቶዎት ሲያመጡዎት፣ አጃቢዎችዎ ሁሉ ክንዳቸውን ሸሸጉ። ደም የሰጠችዎት፣ ባሏ ከሞተ በኋላ መጥታ ጽሕፈት ቤትዎ ደጅ ስትጠና የከረመችው የገደፋው ሚስት ታንጉት ናት። ለማን እንደሆነ አልደበቅኋትም። ጥርሷን ነክሳ እጅጌዋን ሰበሰበችና፣ ሲነቃ ስድስቱን ይፍታልኝ ብቻ አለች። ይኸው ነቅተዋል፤ ከነቁም ሰነበቱ። ስለዚህ ዛሬ ይርሳውን ሊገርፉ አለንጋ ሲያነሱ ክንድዎ ድንገት ከዛለ፣ በሽታ መስሎዎት ወደ እኔ እንዳይደክሙ፤ ታንጉት ናት።