ፍሪሲዮኑን በሎሚ ሽታ ላከሙት ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? እግርዎን ቁርጥማት፣ ልብዎን ድንጋጤ እንዳይነካው ከልቤ እመኛለሁ። ስለ እኔ ከጠየቁ፣ ኩላሊቶቼ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ስላለፋቸው፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደሜን በማሽን ለማሳጠብ ዳገቱ አናት ላይ ወዳለው ሆስፒታልዎ በነጩ ሚኒባስ የምመላለስ ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ከአምስቱ ሕሙማን መካከል ጋቢና የምቀመጠዋና ወሬ የማበዛዋ እኔ ነኝ። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ነገ ተራዬ ነው። ፈርቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ የምጽፍልዎም ከፍርሃቴ ብዛት እንጂ ከድፍረት አይደለም።

ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር አጠገቡ ተቀምጬ ስለምጓዝ፣ ሌላዋ ከባሏ የአንገት ሐብል ስትቀበል እኔ የተቀበልኩት የፍሪሲዮን ሕመም ምልክቶችን ነው። እነዚህን ምልክቶች ባለፉት ሁለት ወራት ለቢሮዎ አንድ በአንድ አመልክቻለሁ፤ እርስዎም አንዱን እንኳ ሳይንቁ ለሁሉም መፍትሔ ሰጥተዋል። ምስጋናዬ እንዳይደባለቅብኝ በቁጥር ላስቀምጠው።

፩ኛ. ሹፌራችን፣ ስንሳፈርም ስንወርድም ‹ቀስ በሉ› ማለት ስለማይሰለቸው ቀስ በሉ ብለን የምንጠራው ደግ ሰው፣ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ፍጥነት አይጨምርም። ይህ የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለው የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው ብዬ አመለከትኩ። እርስዎ የጩኸቱን ነገር በጥሞና ተመልክተው፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ ተበላሽቶ የኖረውን ሬዲዮ አስጠገኑልን። እውነትም አሁን ሞተሩ አይሰማም።

፪ኛ. ዳገቱን ስንጋመስ የተቃጠለ ነገር ይሸተናል፤ ሸራው እየነደደ ነው ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ መስታወቱ ላይ የሎሚ ሽታ የሚሰጥ ቢጫ ካርቶን ተንጠልጥሎ ጠበቀን። ከኋላ የሚቀመጠው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ከዚያን ቀን ወዲህ ሎሚ ሲቃጠል ይሸተኛል እያለ ቢያማርርም፣ እሱ ድሮም ምስጋና አያውቅም።

፫ኛ. የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሙሉ በሙሉ ሊለቀቅ ጥቂት ሲቀረው ካልሆነ አይዝም፤ መኪናውም ሲነሳ ብርድ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል አልኩ። ይህንን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ስላሰቡበት ቀስ በሉን ወደ አጥንት ሐኪም ልከው ግራ እግሩን አስመረመሩት። እግሩ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንኳን ደስ ያለን።

፬ኛ. በመጨረሻ የቴክኒክ መርማሪዎን ላኩልን። መርማሪው ሜዳው ግቢ ውስጥ፣ ባዶውን መኪና የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ ለቀቀው። እኔ በመስኮት አይ ነበርና እፎይ አልኩ፤ ባለቤቴ ረጅም መንገድ ከመውጣቱ በፊት የሚያደርገው ሙከራ ነዋ! ፍሪሲዮኑ ደህና ከሆነ ሞተሩ እዚያው ድርግም ብሎ መጥፋት አለበት። አልጠፋም። እያጓራ ቀጠለ። መርማሪዎም በኩራት ፈገግ ብሎ ‹ሞተሩ እጅግ ጠንካራ ነው፤ በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን ተይዞበት እንኳ አይጠፋም› ብሎ ጻፈ፤ እርስዎ ፈረሙበት፤ ማኅተም አረፈበት፤ ሕሙማን እንዲረጋጉ ተብሎም መጠበቂያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ፍሪሲዮኑ ማለቁን የሚያረጋግጠውን ማስረጃ በሙገሳ መልክ ተለጥፎ አነበብኩት።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልችልም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማክሰኞ ጠዋት ዳገቱ ወገብ ላይ ከፊታችን ያለው መኪና ቆመ፤ እኛም ቆምን። ከኋላችን ውሃ የጫነ ቦቴ ተጠግቶናል። መንገዱ ሲከፈት ቀስ በሉ ማርሽ አስገብቶ ነዳጅ ረገጠ፤ ሞተሩ ጩኸቱን አቀለጠው፣ እኛ ግን ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ፍሬን ያዘ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ወደ ኋላ። በአራተኛው ላይ ቦቴው ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ለእጥበት እንኳ ተኳኩላ ስለምትመጣ ሙሽሪት የምንላት ልጅ ከኋላዬ ሆና ጥፍሯ እስኪገባ ትከሻዬን ጨመደደችው፤ እኔም በስድሳ ስምንት ዓመቴ፣ እናቴ ከሞተች አርባ ዓመት አልፏት፣ እማዬ ድረሽልኝ ብዬ ጮህኩ። ልብስ ሰፊው ዘሎ ወርዶ ከመንገድ ዳር ያገኘውን ድንጋይ የኋላ ጎማ ሥር ባይወሽቅ ኖሮ፣ ዛሬ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ነበር። የቀረውን ዳገት እየተደጋገፍን በእግራችን ወጣን።

ሐሙስ ዕለት ቀስ በሉ ዳገቱ ሥር ሲደርስ መኪናውን ዳር አስያዘና፣ ሰው ጭኜ ይህን አልወጣም፤ ከፈለጉ ያባሩኝ አለ። እርስዎም ቃሉን አክብረው ‹ተሳፋሪ በማስደንገጥ› ከሥራ አገዱት። እኛ በእግራችን ስንደርስ ሰዓቱ ስላለፈ ማሽኑ ላይ የቆየሁት ከተመደበልኝ አንድ ሰዓት አጉድዬ ነው። ከትናንት ጀምሮ እግሬ ጫማ አልገባ ብሎኛል፤ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ለነገ ቅሬታ የማያውቅ አዲስ ሹፌር እንደመደቡልን ሰምቻለሁ። ዳገቱንም ባያውቀው ነው።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ነገ ብቀር ውሃው ሳንባዬን እንደሚሞላው ሐኪሟ ሳትደብቅ ነግራኛለች፤ ብሄድ ደግሞ ያ መኪና አለ። ታክሲ እንዳልይዝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የጡረታ አቅም አይችለውም። ስለዚህ እሳፈራለሁ። ልብስ ሰፊው ድንጋይ በዘንቢል ይዞ ሊመጣ፣ ሙሽሪት በሩ ጋ ተቀምጣ ቶሎ ልትከፍትለት ተስማምተናል፤ የክፍልዎ የአደጋ መከላከያ ዕቅድ ለጊዜው ይኸው ነው። አዲስ መኪና ይገዛልን አላልኩም። ነገ ጠዋት እኛን ከመጫንዎ በፊት፣ እርስዎና መርማሪዎ ከሦስት ባልደረቦችዎ ጋር ተሳፍራችሁ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ አቁማችሁ አስነሱት። አንድ ጊዜ ብቻ። እባክዎ። መሞት አልፈልግም፤ በተለይ ወደ ኋላ እየሄድኩ።

ለሰጡን ሬዲዮ፣ ለሎሚው ሽታና ለግራ እግር ምርመራው ዕድሜ ልኬን፣ ማለትም ቢያንስ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ፣ ውለታዎን የማልረሳ፣

የሚኒባስዎ የጋቢና ተሳፋሪ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ከሆስፒታሉ ደጅ ሲወጡ የግል መኪናዎ የኋላ ማርሽ ሲገባ ሲያፋጭ ሰማሁ። ፍሪሲዮንዎ በደንብ አይላቀቅም ማለት ነው፤ ልጆችዎን ይዘው መንገድ ሳይወጡ ዛሬውኑ መካኒክ ያሳዩት። አደጋ ላይ ያለ ሰው አይቶ ዝም ማለት እንዴት እንደሚቻል አንድ ቀን ያስተምሩኛል፤ እኔ አልቻልኩበትም።