ሁለት ዲስክ፣ አንድ ሰዓት

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ዛሬም ኮምፒውተሩን አላገኘሁትም። አባዬ ከቅዳሴ መልስ ተቀመጡ፣ እስከ ማታ አልተነሡም። መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ፊደሉን እያዩ ሳይሆን ጣታቸውን አምነው ነው የሚጽፉት... የመምህራቸውን፣ የየኔታ ተክለ ጊዮርጊስን ቅኔ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከልባቸው እያወጡ። ያን ቅኔ በቃሉ የያዘ ሌላ ሰው በሕይወት የለም።

እኔ ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፍ አለብኝ። የጣናን እንቦጭ ከሳተላይት ፎቶ የሚለካልኝ ፕሮግራም ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ይፈልጋል። የአባዬ የግዕዝ መጻፊያ ከዚያ አሮጌ ዊንዶውስ ውጭ አይነሣም። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ባለቤት። ምን ይሻላል?

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከቢሮ ስወጣ ሹም አቦ ሰፈር፣ አገኘሁ የሚባለው ልጅ ጋ ጎራ አልሁ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ የልጅነት ጎረቤቴ። አንዱን ዲስክ ለሁለት መክፈል ይቻላል፣ ግን እጄ ከሳተ የመሪጌታ ሥራ አፈር በላ አለኝ። ሌላ ዲስክ ይጨመርበት። "ለጣውንቶች ለየብቻ ቤት ነው" ብሎ አሳቀኝ። ከካርቶን ውስጥ ያገለገለ ግን ደህና ዲስክ አወጣ። ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው መሪጌታ ይጸልዩልኝ አለኝ። እንዲህ ያለም ሰው አለ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ተጫነልኝ! አገኘሁ መጀመሪያ የአባዬን ዲስክ ነቀለው። ያልተሰካ ዲስክ በስሕተትም አይነካም አለ። አባዬ አጠገቡ ቆመው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። የእኔ ሲያልቅ የእሳቸውን መልሶ ሰካው። ዝም ብለው ካበሩት የአባዬ ይነሣል። እኔ ስፈልግ ሲበራ አንድ ቁልፍ ተጭኜ የራሴን እመርጣለሁ። ለእሳቸው ምንም አልተለወጠባቸውም። አገኘሁን እስኪያፍር ድረስ መረቁት። ተመስገን ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ኢንተርኔቱ እምቢ አለኝ። የከፈትሁት ገጽ ሁሉ አይሆንም ይላል። ስነታረክ ቆይቼ ቀኑን አየሁት... 2017! ለኢንተርኔቱ ስምንት ዓመት ያለፈበት ቀን ነው፣ ለዚህ ነው የማያምነኝ። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር። ለካ አባዬ ናቸው፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ። ዲስኩ ሁለት ይሁን እንጂ የኮምፒውተሩ ሰዓት አንድ ነው፤ እሳቸው የሞሉት እኔም ጋ ይመጣል።

ብነግራቸው ዘንድሮ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው አሉኝ። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት አልሁ። "ታዲያ ምን ዋሸሁ?"

ቀስ ብዬ ወደ ፈረንጁ፣ ወደ 2025 ቀየርሁት።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ትናንት ማታ የአባዬን የቅኔ ፋይል እኔ ዲስክ ላይ ኮፒ አደረግሁት። አንዱ ቢበላሽ አንዱ አለ፤ ልቤ አረፈ።

ዛሬ ሰዓቱ ተመልሷል። 2017። እኔ ማታ ወደፊት፣ እሳቸው ጠዋት ወደኋላ። አንነጋገርበትም።

እሑድ፣ የካቲት 23

ጾሙ ከገባ ወዲህ አባዬ በርትተዋል። ለመጨረሻ ያስቀሯቸውን መወድሶች፣ ረጃጅሞቹን ቅኔዎች፣ ከሐሙስ ጀምሮ እየጻፉ ነው፣ የኔታ በሞቱበት ዓመት የተቀኟቸውን። ዐሥራ ሁለት ናቸው። እነዚህን ሳልጨርስ ዓይኔ አይክዳኝ ይላሉ። እኔም ፎቶዎቼ መነበብ ጀምረዋል። አንድ ሳጥን ለሁለታችን በቃን... ምን ጎደለኝ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

ምን አደረግሁ?

አባዬ ዐሥራ ሁለቱን ትናንት ጨረሱ። ዛሬ ጠዋት ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ፣ ኮፒውን ላድስ ብዬ ከፈትሁት። ቢሮ ረፍዶብኛል። ሁለቱን ዲስክ አመሳስል፣ አዲሱ አሮጌውን ይተካ ብዬ አዘዝሁና ጫማዬን አሠርሁ። ተመልሼ ሳይ ዐሥራ ሁለቱ የሉም። ከሁለቱም ዲስክ።

ባለፈው ረቡዕ አባዬ የጻፉት በእኔ ሰዓት ነበር፤ ፋይሉ 2025 ይላል። ከዚያ ወዲህ የጻፉት 2017። ለኮምፒውተሩ ታዲያ የቱ ነው አዲሱ? የባለፈውን ሳምንት አዲስ ነው ብሎ በትናንቱ ላይ ጣለበት።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የምለቅመውም የለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

አገኘሁ ሲታገል ዋለ። በላዩ ተጽፎበታል፣ አይመለስም አለኝ።

አልነገርኋቸውም። ስክሪኑን አያነቡት... ዝም ብል በምን ያውቃሉ? እራት ላይ ዐሥራ ሁለቱ በደኅና ተቀመጡ ወይ አሉኝ። አዎ አልሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ!

ዓርብ፣ የካቲት 28

ነገርኋቸው። ሁሉንም፤ እንደ ዋሸኋቸውም። መቁጠሪያቸውን አንሥተው መቁጠር ጀመሩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ከሳጥኑ ጠፋ እንጂ ከእኔ አልጠፋም" አሉ በመጨረሻ። "ጣቴ ግን ደክሟል። ተቀመጪና ጻፊ።"

ግዕዝ አልችልም እኮ አባዬ አልኋቸው። ፊደል ትችያለሽ አሉ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ከቢሮ ስመለስ እሳቸው ይላሉ፣ እኔ በእሳቸው ዲስክ፣ በእሳቸው መጻፊያ ፊደሉን እለቅማለሁ። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ አንዱን ቤት ሦስቴ አስደግማቸዋለሁ። አይሰለቹም። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ፊታቸው ይበራል። ይህን ሁሉ ዓመት እቤቴ ተቀምጦ ጠይቄ አላውቅም።

ስምንተኛው መወድስ ላይ ግን ከማክሰኞ ጀምሮ ቆመናል። የመጨረሻው ቤት አልመጣ አላቸው። ትናንት ግድግዳውን እያዩ ዋሉ። እኔ በገዛ እጄ... ቢጠፋስ? የኔታን ከየት አምጥቼ እጠይቃለሁ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

መጣላቸው! ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ገና የውጭውን በር ሳይገቡ እናትዓለም ብለው በስሜ ተጣሩ። ኮምፒውተሩ እስኪነሣ በእስክሪብቶ እጄ ላይ ጻፍሁት። አለቀስሁ፣ ምን ልደብቅ። ተመስገን፣ ተመስገን።

ሰዓቱን ለእሳቸው ትቼላቸዋለሁ። እኔ ዲስክ ውስጥ ስገባ ለእኔ ብቻ ከኢንተርኔት ይስተካከላል። የፋይሉን ኮፒ ግን ቀኑን አይቼ አላምነውም፤ በየቀኑ ሌላ ስም ሰጥቼ ለብቻ አስቀምጠዋለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ዐሥራ ሁለተኛው አለቀ። አባዬ መጨረሻው ላይ የጸሐፊው ስም ይግባ አሉ። በብራናውም ወጉ ይኸው ነው፣ ያነበበ ሁሉ እንዲጸልይለት። "መሪጌታ መርስዔ ኀዘን" ብዬ ጻፍሁና አነበብሁላቸው።

"እሱማ ልክ ነው። ዐሥራ ሁለቱን የጻፈስ?"

እኔ ነኝ፣ ያጠፋኋቸውም እኔው ነኝ አልኋቸው።

"ማጥፋትሽን አንባቢው አያውቅም። የክርስትና ስምሽን ጻፊ።"

ከስማቸው ሥር "ወለተ ኪዳን" ብዬ ጻፍሁ። አባዬ ለማየት አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ፣ ፊደሏን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆጠሯት። ከዚያ እዚያው እንደ ቆሙ፣ የመጀመሪያው አንባቢ እሳቸው ሆኑና ጸለዩልኝ።