የማያውቁትን ሰው ልደት ሲያከብሩ የኖሩት የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከአውቶቡስ ሹፌሩ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው የዛሬ ሰባ ዓመት ተወለዱ። ቀኑን በትክክል የሚያውቅ የለም። እናታቸው ዝናብ እንደነበር ይናገሩ ነበር፤ አባታቸው ደግሞ ሥራ ላይ ስለነበሩ የሚያስታውሱት የዚያን ዕለት ጎማ መቀየራቸውን ብቻ ነው። ባለታሪኩም ቢሆኑ የመቶ አርባ የፊልም ዳይሬክተሮችን ልደት በቃላቸው ሲያነበንቡ የገዛ ራሳቸውን ቀን ጠይቀው አያውቁም። የሕይወት ታሪክ በቀንና በዓመት ተደርድሮ መጻፍ እንዳለበት እናውቃለን። ነገር ግን ለቤተሰባቸው የሚሆን ቀን ስላልተዉልን በእሳቸው ካላንደር ለመሄድ ተገደናል። አድማጮች ይታገሡን።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመካከለኛ ውጤት፣ ሁለተኛ ደረጃውን በዝቅተኛ ውጤት አጠናቀዋል። ሰነፍ ስለነበሩ አይደለም፤ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ሲኒማ ቤት ስለነበረ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው እዚያው ሲኒማ ቤት በረዳት ፊልም አጫዋችነት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያች ክፍል አልተነቃነቁም። ክፍሏ ሁለት ማሽን፣ አንድ በርጩማና አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ የምትይዝ ነበረች። ከማሽኑ ሙቀት የተነሣ ክረምትም ይሁን በጋ በካናቴራ ነበር የሚሠሩት።

የጣጣው ሁሉ መነሻ አንድ አሮጌ መጽሔት ነው። ወንድማችን ሃያ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ጡረታ የወጡት ዋናው ፊልም አጫዋች አንድ ጠርሙስ የፊልም ማጣበቂያና ይህን መጽሔት ትተውላቸው ሄዱ። በመጨረሻው ገጽ ላይ የዳይሬክተሮች ስም በአንድ ረድፍ፣ የተወለዱበት ቀን በሌላ ረድፍ ተደርድሯል። ሌላ ሰው ቢሆን አንብቦ ያልፈዋል፤ ወይም መስኮት ይወለውልበታል። እሳቸው ግን ከጎማ መሸጫ የተሰጠ ትልቅ የግድግዳ ካላንደር አምጥተው ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ ገለበጡ። ዳይሬክተር ያልተወለደበት ባዶ ቀን ሲያዩ ደግሞ ስለሚያንገበግባቸው፣ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ጥግ እየለቃቀሙ የጠፋ ካልሲ ቀን፣ የጃንጥላ ቀን፣ የቢጃማ ቀን፣ ወደኋላ የመራመድ ቀን እያሉ ሞሉት። የዳይሬክተር ልደት በደረሰ ቁጥር ትኬት ሻጯንና ጥበቃውን ወደዚያች ጠባብ ክፍል ጠርተው፣ ትንሽዬ ኬክ ላይ አንድ ሻማ ለኩሰው፣ ስለማያውቁትና ስለማያውቃቸው ሰው አጭር ንግግር ያደርጉ ነበር። ንግግሩ አጭር ነው የሚሉት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ዓመት ታናሽ እህታቸው ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ታናሽ እህታቸው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ናት፤ ደንብ ነውና እንደ ሌላ ሰው ትጠራለች። ልጅቷ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ልደቷ ላይ እንዲገኙላት። እንደሚመጡም ቃል ገብተውላት ነበር። እናታቸው ባለ መደገፊያውን ወንበር በር አጠገብ አስቀመጡላቸው። ሻማው ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተለኮሰ፤ አልመጡም። በካላንደራቸው መሠረት ያ ቀን በዕድሜያቸው ሦስት ፊልም ብቻ የሠሩ አንድ ዳይሬክተር የተወለዱበት ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ተቃጥለዋል። ሦስተኛውን እህታቸው አድጋ አይታዋለች፤ አብሮ ቢቃጠል ኖሮ ዓለም የሚጎድልባት ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ወንድማችን የተረፈ ኬክ በወረቀት ጠቅልለው አመጡላት። የሰውየው ስም የመጀመሪያ ፊደል ያለበት ቁራጭ ነበር። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። እህታቸው አድጋ፣ አግብታ፣ ከእሳቸው ቤት አራት ፌርማታ ርቃ ስትኖርም ያንን ወንበር በየልደቷ በር አጠገብ ታስቀምጥ ነበር። ማስቀመጡን የተወችው በአርባ ዓመቷ ነው፤ እሱንም ለእንግዳ መቀመጫ ቢያንሳት።

በሠላሳ ዓመታቸው የሒሳብ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር በጃንጥላ ቀን ማግሥት ተጋቡ። ሠርጉ ሦስት ጊዜ ተላልፏል፤ ሁለቴ በዳይሬክተር፣ አንዴ በካልሲ ምክንያት። ሒሳብ የሚያውቁ ሴት ይህን እንዴት አስልተው እንደገቡበት እስከ ዛሬ አልገባንም። ሁለት ልጆችም አፈሩ። የመጀመሪያዋ ስትወለድ የዝምታ ቀን ነበር። አዋላጇ ወጥታ ሴት ልጅ መወለዷን ስታበሥራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። የአባት ስም ስትጠይቃቸው ኪሳቸውን እየዳበሱ እስክሪብቶ ፈለጉ። አዋላጇ መስማትና መናገር የማይችሉ መስሏት በእጇ ምልክት እየሰጠች ስታስረዳቸው ቆየች፤ እውነቱን ስትሰማ ግን ፊቷን አዞረችባቸው። እኛም አልፈረድንባትም።

በሥራቸው ትጉህ እንደነበሩ ባልደረቦቻቸው ይመሰክራሉ። በቢጃማ ቀን በቢጃማ ሥራ ገብተው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡትን ተቆጣጣሪ ደረጃው ላይ ተቀብለዋል፤ የዕድገታቸውም ነገር በዚያው ተዘግቷል። ወደኋላ የመራመድ ቀን ደግሞ ያንኑ ደረጃ በጀርባቸው ሲወርዱ እግራቸው ተሰብሮ አሥር ሳምንት ተኙ። ባለቤታቸው ከማስተማሩ ላይ ሁለት ልጅ እያሳደጉ፣ እሳቸውንም እያገላበጡ ከረሙ። በሰባተኛው ሳምንት የባለቤታቸው ልደት ነበር። ወንድማችን አልጋ ላይ ሆነው፣ በእኚሁ ባለቤታቸው እጅ፣ ለአንድ የካርቱን ፊልም ሠሪ ሻማ አስለኮሱ።

ጡረታ ከወጡም በኋላ ኬክ ይዘው ወደዚያች ክፍል መውጣቱን አልተዉም። የዛሬ ሦስት ዓመት ግን አዲሷ ትኬት ሻጭ ስለ ባለልደቱ ለማወቅ ፈልጋ ስልኳን ስትከፍት ሰውየው በዚያ ቀን እንዳልተወለደ አየች። የባለፈውን ሳምንት ባለልደት ፈለገች፤ እሱም አልተወለደም። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ፈለገች። ለካ መጽሔቱ ሲታተም የሦስተኛው ሰው ቀን ሁለቴ ገብቶ፣ ከአራተኛው ስም ጀምሮ የቀኖቹ ረድፍ አንድ መስመር ወደ ታች ተንሸራቶ ኖሯል። ስለዚህ ወንድማችን አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ለእያንዳንዱ ዳይሬክተር ከበላዩ የተጻፈውን ሰው ልደት ሲያከብሩለት ኖረዋል። በቀናቸው የተከበሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ወንድማችን ኬኩን ሳይቆርሱ ደረጃውን ወርደው ሄዱ፤ ነገሩንም ለቤተሰብ አልተናገሩም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሆስፒታል ገብተው እየታከሙ ሳለ፣ ባለፈው ወር ታናሽ እህታቸው ልትጠይቃቸው ሄደች። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥላቸው፣ «ሚጣዬ፣ ሰውየው ለካ በልደትሽ ቀን አልተወለደም» አሏት።

የቱ ሰውዬ ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ስለ መጽሔቱ፣ ስለ ተንሸራተተው መስመር፣ ስለ ትኬት ሻጯም ስልክ ሁሉንም ነገሯት። ካወቁ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። በእነዚያ ሦስት ዓመታትም አልመጡም፤ ለምን ቢባሉ አፍረው ነው። አራት ፌርማታ ለመሄድ ሦስት ዓመት ያፈሩ ሰው እንግዲህ እኚህ ናቸው።

እህታቸው ብርቱካኑን መላጥ አቁማ፣ «ጋሼ፣ ቢወለድስ ኖሮ?» አለቻቸው።

መልስ አልነበራቸውም፤ ቀኑም የዝምታ ቀን አልነበረም። ልጣጩን ከአልጋ ልብሱ ላይ እየለቀሙ፣ «የዘንድሮው ላይ እመጣለሁ። ወንበሬን አውጪልኝ» አሉ። እሷም እስቲ እናያለን ብላቸው ግማሹ የተላጠውን ብርቱካን ትታላቸው ወጣች።

ወንድማችን ከአራት ቀን በፊት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ካላንደራቸው ላይ ዕለቱ የድስት ክዳን ቀን ይላል። ለሰው ሁሉ ቀን ሲመርጡ ኖረው ለራሳቸው ደህና ቀን አልመረጡም። የትዳር አጋራቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ልጆቻቸው ቀብሩ በማግሥቱ እንዲፈጸም ፈልገው ነበር። ታናሽ እህታቸው ግን ዛሬ ካልሆነ ብላ ድርቅ አለች። ምክንያቷን ሲጠይቋት አልተናገረችም፤ አሁን ትናገራለች።

ዛሬ ልደቴ ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞላኝ። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ካላንደሩን ሳገላብጥ የዛሬው ቀን ላይ የሰውየው ስም በቀይ ተሰርዟል፤ በምትኩ ምንም አልተጻፈበትም። ባዶ ቀን የሚያንገበግበው ወንድሜ ይህችን አንዲት ቀን ባዶ ትቷታል። ሚጣ ብሎ መጻፍ ስንት ጠብታ ቀለም ይፈጅ ነበር? እኔው ጽፌበታለሁ። ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ በቆማችሁበት አልዋሽም፤ ተናድጄበታለሁ፤ እወደውም ነበር። ቃሉን ግን አስጠብቄዋለሁ። ከሣጥኑ አጠገብ የምታዩት ባለ መደገፊያ ወንበር ከቤቴ የመጣ ነው፤ ማንም እንዳይቀመጥበት አደራ።

ፈጣሪ ነፍስህን በደህና ቦታ ያኑርልኝ፣ ጋሼ። ዛሬ የምትሄድበት ሌላ ልደት የለም፤ ተቀመጥ።